የጋሽ ቶሎሳ ጆሮ እና የሱፐሩ ጀሪካን

ጋሽ ቶሎሳ ማረፋቸውን የሰማሁት መተሃራ ሽንኩርት ሳስጭን ነው። የደወሉልኝ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ራሳቸው ናቸው። «ምህረት፣ ቶሎሳ አረፈ» አሉኝ፤ ቀጠሉና «ቀብሩ ነገ ነው፣ እንዳትቸኩዪ፣ ቀስ ብለሽ ንጂ» አሉ። ባል ሞቶባቸው ስለ እኔ አነዳድ የሚጨነቁ ሴት ናቸው። ስልኩን ዘግቼ አንዱ ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ጫኞቹ የሽንኩርቱ መስሏቸው ሳቁብኝ፤ እኔም አላስረዳኋቸውም።

ጋሽ ቶሎሳ አዳማ ውስጥ፣ ወደ ወለንጪቲ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ጋራዥ ነበራቸው። መካኒክ በእጁ ይታወቃል፤ እሳቸው ግን የሚታወቁት በጆሯቸው ነበር። ክንድ የምታክል የወይራ ዱላ ነበረቻቸው። አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ከጆሯቸው በስተኋላ አጥንቱ ላይ ይተክሉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ትንሽ ይቆዩና «ሦስተኛው ፒስተን ነው» ይላሉ። ሲፈታ ሦስተኛው ይሆናል። ረዳት ቀጥረው አያውቁም፣ «ረዳት ያወራል» ባይ ናቸው። ጋራዣቸው ውስጥ ሬዲዮ አይከፈትም። ባለመኪናው ስለ ብልሽቱ መዘርዘር ሲጀምር እጃቸውን ያነሱና «ቆይ፣ እሷ ትናገር» ይሉታል። እሷ ማለት መኪናዋ ናት።

አንድ ቀን አንድ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ መጣ። ጋሽ ቶሎሳ ዱላቸውን ይዘው ዙሪያዋን ዞሩ፣ እዚህም እዚያም ተከሉ። «ዋይ! ይቺ ደግሞ ምስጢረኛ ናት» አሉና ግማሽ ቀን ሙሉ ከሥሯ አልወጡም። ሰውዬው የመጣው ጎማ ሊያስነፋ ነበር።

እኔ ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ። ከመተሃራና ከወለንጪቲ ገበሬዎች እየገዛሁ አዳማ አወርዳለሁ። ሥራዬን የጀመርኩት በአንዲት አሮጌ የናፍጣ መኪና ነበር፤ ብታዘግምም ታዛዥ ነበረች። እሷን ሸጬ ምን ገዛሁ? ባለ ቱርቦ የቤንዚን ፒካፕ! ከዱባይ የመጣች፣ ፍሪሲዮን የሌላት፣ ነዳጅ ሲረገጥ ከኋላ ሰው የሚገፋት የምትመስል። ስሰማት ነው የወደድኳት፤ አላመዛዘንኩም፣ ማንንም አላማከርኩም። የአዳማ ሰው እንዳመሉ አልማረኝም። «ምህረት፣ ሽንኩርቱ ለሠርግ ነው የሚቸኩለው?» ይሉኝ ነበር።

የቤንዚን መሙያዋን ክዳን ስትከፍቱት በውስጥ በኩል በደቃቅ ፊደል ጽሑፍ አለ፤ ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ይመረጣል ይላል። ከማደያችን የሚገኘው ደግሞ አንድ ዓይነት ቤንዚን ነው፤ ምርጫችሁ የትኛው ሰልፍ ላይ እንደምትቆሙ ብቻ ነው። ታዲያ ከወደብ በኩል የሚመላለስ አንድ ሾፌር «ሱፐር» የሚለውን ቤንዚን በቢጫ ጀሪካን እያመጣ፣ ከማደያው ዋጋ እጥፍ በሚጠጋ ይሸጥልኝ ጀመር። ያልደሰኮረልኝ የለም። ሞተር ያጥባል፣ ጉልበት ይጨምራል፣ ዕድሜ ያረዝማል። እኔም ለፒካፔ ያልሆንኩላትን ለማን ልሁን ብዬ ገዛሁ።

ጋሽ ቶሎሳ ጀሪካኑን ጭነቱ መሃል ሲያዩት ተቆጡ። መጀመሪያ የተቆጡት ቤንዚን ይዤ በጠራራ ፀሐይ ስለዞርኩ ነው። ቀጥሎ ክዳኑን ከፍተው ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አደረጉና ነፋስ ላይ ያዙት። ወረቀቱ ደረቀ፤ የቅባት ምልክት አልተወም።

«ላምባ አልገባበትም» አሉ። «ቤንዚን ነው። ሱፐር ነው ወይ ካልሽኝ ግን አላውቅም።»

«አላውቅም» ሲሉ ፊታቸው ይበራ ነበር። ሌላው ሰው ይህን ቃል የሚለው ተገዶ ነው፤ እሳቸው ግን ጣፋጭ ነገር የቀረበላቸው ያህል ነበር የሚሉት።

«ሰውዬው ጉልበት ይጨምራል አለኝ» አልኳቸው።

«ኮቱ፣ ነይ ቁጭ በይ» አሉኝ በኦሮምኛ ጀምረው። «ኦክቴን ጉልበት አይደለም፣ ትዕግሥት ነው። ቤንዚኑ ሞተሩ ውስጥ ሲታመቅ፣ ካንዴላው እስኪለኩሰው ድረስ መጠበቅ አለበት። ሱፐሩ ይጠብቃል። ተራው ግን ሙቀትና ግፊት ሲበዛበት ሳይለኮስ ቀድሞ ይፈነዳል። ያን ጊዜ ሞተሩ ከውስጥ ይንኳኳል። ሲቆይ ፒስተን ይበላል። መኪናዋ የማትንኳኳ ከሆነ ግን ለትዕግሥት ምን ብለሽ ትከፍያለሽ? ክዳኑስ ላይ ይመረጣል ነው እንጂ ግዴታ ነው ይላል?»

«ዳገት ላይ እኮ ተራውን ስሞላ ጥር ጥር ትላለች፣ ጋሼ።»

«ባለፈው አብሬሽ ወጥቼ የለ? ምንም የለባትም። ጭነትሽ ነው የሚንኳኳው።»

«ሽንኩርት ይንኳኳል እንዴ?»

ሳቁ። ከዚያ ፒካፗን አዩዋት። ከዚያ በፊት ሦስት የከተማው ሰዎች የእኔዋን የመሰለ ባለ ቱርቦ ይዘው መጥተው ሱፐር እንግዛ ወይ ብለዋቸው፣ ሦስቱንም «ገንዘባችሁን አትጣሉ» ብለው መልሰዋል። ያን ሁሉ ያሉት በጆሯቸው ተማምነው ነው። አሁን አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ እሰማለሁ ትላለች።

«እንግዲያው እሷን እንጠይቃት» አሉ።

ለዚያ ጥያቄ ያደረጉትን ዝግጅት ለሠርግ የሚያደርግ ሰው አላየሁም። ሁለት አንድ ዓይነት ጀሪካን አስመጡ። ሁለቱንም በጆንያ አለበሷቸው። አንዱን በማደያው ቤንዚን፣ ሌላውን በሱፐሩ የሞሉት እትዬ አስካለ ናቸው፤ እኛን ከግቢ አስወጥተው በአንዱ አንገት ላይ ቀይ ክር፣ በሌላው ላይ ጥቁር ክር አሰሩ። የትኛው የቱ እንደሆነ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። «ሱፐር መሆኑን ካወቅሽ እግርሽ ራሱ ይኮራል» አሉኝ ጋሽ ቶሎሳ። ጭነቱ በሁለቱም ቀን እኩል ጆንያ፣ ሰዓቱ አንድ፣ የጎማው ነፋስ አንድ። ቦታው ከመተሃራ ወደ ወለንጪቲ በሚያወጣው መንገድ ላይ ያለ ረጅም ዳገት፣ ከትንሿ ድልድይ እስከ ብቸኛው ግራር። ነዳጁ እስከ መጨረሻው ይረገጣል፤ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው በእጅ ሰዓታቸው ይለካሉ፣ ያዳምጣሉ።

ያስቸገረን ንፋሱ ነው። አገራችንን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ንፋሱ ራሱ ጭነት ነው። የጋራዡ አጥር ላይ መሃረብ አስረው ሳምንት ሙሉ ጠበቁ። ጠዋት ጠዋት እየደወሉ «አካም ቡልቴ? ደህና አደርሽ? መሃረቡ ዛሬም ይጨፍራል፣ አንሄድም» ይሉኛል። መሃረቡ የተኛ ቀን ሄድን።

መጀመሪያ የቀይ ክሩን ሞላን። ፒካፗ ከድልድዩ ተነስታ ያለምንም ድምፅ ወጣች። በማግስቱም መሃረቡ ተኝቶ ነበር፤ ታንኩን አራግፈን የጥቁር ክሩን ሞላን። ከድልድዩ ትንሽ ከፍ እንዳልን ጀመራት። ጥርርር፣ ጥርርር። ጣሳ ውስጥ የሚንገጫገጭ አተር ይመስላል። ጋሽ ቶሎሳ «ስሚ!» እስኪሉኝ ጠበቅሁ። «ስሚ!» የሁልጊዜ ቃላቸው ነው፤ ድምፅ ሲያገኙ አንድ ጣታቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። አሁን ግን ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ፊታቸው ረክቷል።

«አየሽ?» አሉኝ። «ምንም የለም። እንደ ትናንቱ ንጹህ ናት።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ጋሽ ቶሎሳ ይህን ድምፅ አይሰሙትም። እኚህ ሰው በዚህ ከተማ ያላቸው ነገር ጆሯቸው ነው። እሱ ከሄደ የሚቀራቸው አንድ ዱላና አንድ የቆርቆሮ በር ነው። ደግሞም በዱላዋ የሚሰሙት ወፍራሙ ድምፅ በአጥንት በኩል ስለሚደርሳቸው፣ ቀጭኑ እንደከዳቸው እስከ ዛሬ አላወቁም።

«ምንም የለም፣ ጋሼ» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ዋሽቼ አላውቅም።

ግራሩ ጋ ስንደርስ ሰዓታቸውን አዩ። ደግመው አዩ። «አቁሚ» አሉኝ። ዳር ይዤ አቆምኩ። ጆሯቸው ልዩነት የለም እያለ፣ ሰዓቱ ግን ከትናንቱ በደንብ ዘግይታችኋል ይላል። ሰዓታቸውን ከስልኬ ሰዓት ጋር አስተያዩት።

«ሰዓቱ ደህና ነው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ መንገዱን እያዩ «ምህረት፣ ሰምተሽ ነበር?»

መዋሸቱን ብደግመው ደስ ባለኝ ነበር። አልቻልኩም።

«ሰምቼ ነበር።»

«ከየት ጀምሮ?»

«ከድልድዩ ትንሽ ከፍ ብሎ። እስከ ግራሩ።»

«እስከ ግራሩ!»

በሩን ከፍተው ወረዱ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። ከማዶ ግመሎች ይግጣሉ፤ እሳቸው ወደ ግመሎቹ ያያሉ። ያለቅሳሉ ብዬ ፈራሁ። ወርጄ እንዳላባብላቸው አላውቅበት፣ መሪውን ይዤ ቀረሁ። ሲመለሱ ግን በመስኮቱ አንገታቸውን አስገቡ፤ ያ «አላውቅም» ሲሉ የሚበራው ፊታቸው ነበር። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ፊታቸው ግን በርቷል።

«እስቲ እንዴት ነው የሚለው? በአፍሽ አድርጊልኝ።»

ምላሴን ከጥርሴ ኋላ አንቀጠቀጥኩት።

«እንዲህ ቀጭን ነው?»

«ከዚህም ይቀጥናል።»

«እሺ፣ የቤትሽን ቁልፎች አውጪ። እኔ እዞራለሁ፤ አንቀጫቅጪያቸው።» ዞሩ። አንቀጫቀጭኩ። «በይ ጀምሪ እንጂ» አሉኝ።

«ከጀመርኩ ቆየሁ፣ ጋሼ።»

«በእውነት?» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ሐዘኑ አለ፣ ግን አዲስ ብልሽት እንዳገኘ መካኒክ ነበር የተጠጉት። አዳማ እስክንገባ የገዛ ጆሯቸውን ሲመረምሩ መጡ። ወለንጪቲ ላይ አንዲት ወፍ ሽቦ ላይ ተቀምጣለች፤ «አፏ ይንቀሳቀሳል፣ እየጮኸች ነው?» አሉኝ። እየጮኸች ነበር። ልንታጠፍ ስንል ፍሬቻ አበራሁ።

«ፍሬቻው ድምፅ አለው?»

«ድሮም ነበረው፣ ጋሼ።»

«ድሮማ አውቃለሁ» አሉ። ዓይናቸው ብልጭ ድርግም በሚለው መብራት ላይ ነበር።

እትዬ አስካለ ሰማያዊው በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ጥቁር ክሩ የማደያው፣ ቀይ ክሩ ሱፐሩ እንደሆነ ነገሩን። ጋሽ ቶሎሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስለዚህ ቱርቦ፣ ሙቀት፣ ዳገትና ጭነት አንድ ላይ ሲገናኙ ሱፐሩ ልዩነት አለው። ተሳስቻለሁ» አሉ። ብዙ ሰው ነገሩን እዚያ ላይ ይተወዋል፤ ከዚያም በላይ ያፍራል፣ ይደበቃል። እሳቸው ግን ሌላ ጥያቄ ነበራቸው። በሳምንቱ በማደያው ቤንዚን እንደገና ዳገቱን አወጡኝ።

«ሲጀምር ንገሪኝ» አሉ።

«ጀመረ፣ ጋሼ።»

«እግርሽን ትንሽ አንሺ።»

አነሳሁ። አተሩ ጣሳው ውስጥ ቀጥ አለ።

«ጠፋ?»

«ጠፋ!»

ግራሩ ጋ የደረስነው ዘግየት ብለን ነው። ሽንኩርቱ ምንም አልመሰለውም። ጋሽ ቶሎሳ ጭናቸውን መትተው ሳቁ። «አገኘናት! ሱፐር የሚያስፈልገው እግሩን ማንሳት ላቃተው ሰው ነው። እግር ማንሳት ደግሞ በነፃ ነው!» በማግስቱ እነዚያን ሦስት ባለመኪናዎች አንድ በአንድ ደወሉላቸው፤ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። «ያን ጊዜ ምንም የለባትም ያልኩህ እኔ ስላልሰማሁ ነው። ዳገት ላይ የሚሰማ ሰው ይዘህ ውጣ፤ ከተንኳኳች እግርህን አንሳ፣ አላነሳም ካልክ ሱፐር ግዛ» አሏቸው። ሁለቱ አመሰገኑ። አንዱ ስልኩን ዘጋባቸው፤ ተመልሶም አልመጣም። ጋሽ ቶሎሳ ስልኩን እያዩ «እውነቱን ነው» አሉ።

ከዚያ በሰማያዊው በር ላይ በነጭ ቀለም ጻፉ፦ «የዚህ ጋራዥ ባለቤት ቀጭን ድምፅ አይሰማም። የሚሰማ ሰው ይዛችሁ ኑ።»

እኔ ተቆጣሁ። «ጋሼ፣ እንጀራዎን በበር ላይ ይዘጋሉ?» አልኳቸው።

«ታዲያ ሳልሰማ ሰማሁ ልበል?» አሉኝ።

የተወሰነ ሰው ቀረ፤ መሳቂያ ያደረጋቸውም ነበር። ሌላው ግን ሚስቱን፣ ጎረቤቱን፣ አክስቱን እያስከተለ መጣ። ወሬ የማይወደድበት ጋራዥ ሰው በሰው ሆነ። ጋሽ ቶሎሳ ዱላቸውን ለመጣው ሁሉ ይሰጡና «አንቺ ስሚና ንገሪኝ፣ እንዴት ነው የሚለው?» ይላሉ። ሰው ሁሉ በየአፉ የመኪናውን ድምፅ ያስመስላል፤ እሳቸው ደግሞ በከንፈሩ እንቅስቃሴና በምልክቱ ብልሽቱን ያገኙታል። እኔም ዳገቱ ላይ በወጣሁ ቁጥር ሪፖርቴን አቀርብላቸው ነበር። ዝናብ ከመታው በኋላ ትንኳኳለች? በግማሽ ጭነትስ? በቡልቡላ በኩልስ፣ ሜዳው ላይ? «ሜዳ ላይ ምንም የለም፣ ጋሼ» ስላቸው «በእውነት ነው ወይስ እንደዚያን ቀን ነው?» እያሉ ያላግጡብኛል። ደግሜ አልዋሸኋቸውም።

ቀብራቸው ላይ የመኪናው ብዛት ለብቻው ነበር። ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ እትዬ አስካለ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። 

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉኝ። «እኔ እኮ አውቅ ነበር። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ሲዘጋ፣ እሱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አየሁ። ልነግረው እያልኩ አፌ እምቢ አለኝ። የሚታወቀው በጆሮው ነው፣ እንዴት ብዬ? አንቺ እሰማለሁ ስትዪ ሰማሁሽ። ጀሪካኑን ክር እንሰርበት ብዬ ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ምህረት ትንዳልህ፣ እሷ መዋሸት አታውቅበትም አልኩት።»

«እትዬ፣ ዋሽቻቸው ነበር» አልኩ፣ እንባዬ መጣ።

«ነግሮኛል» አሉ። «ስትዋሺ ድምፅሽ ቀጭን ሆነ አለኝ። እሱን ግን ሰምቶት ነበር።»

በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራ ተመለስኩ። ሽንኩርቱ አይጠብቅም። ሱፐር የሚሸጥልኝ ሾፌር መተሃራ ላይ አግኝቶኝ ጀሪካኑን ሊያወርድ ሲል በእጄ መለስኩት፤ ታንኬ ውስጥ የማደያው ነበር። ፀሐዩ ከብዷል፣ ጆንያው እስከ ጫፍ ሞልቷል። ትንሿን ድልድይ አልፌ ዳገቱን ያዝኩ። ልማዴ ነው፣ እስከ መጨረሻው ረገጥኩ። ትንሽ ከፍ እንዳልኩ አተሩ ጣሳው ውስጥ መንገጫገጭ ጀመረ።

አጠገቤ ያለውን ባዶ ወንበር አየሁት።

«ጀመረ፣ ጋሼ» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። እግሬንም አነሳሁ።